ሲሞላ ይሄዳል

ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ላምበረት መናኸሪያ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ጭጋጉ ገና አልገፈፈም። የደብረ ብርሃኑ ሚኒባስ በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ ውስጡ ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ተቀምጠዋል።

«ስንት ሰዓት ይነሳል?» አልኩት ተራ አስከባሪውን።

«ሲሞላ።»

አገር ቤት የተመላለሰ ሰው በዚህ መልስ አይናደድም። የሚኒባስ ሰዓት የሚቆጥረው ባዶ ወንበሩን ነው። አንድ ሰው ከበሩ ብቅ ባለ ቁጥር ሁላችንም ቀና እንላለን። ሻንጣ ይዞ ከሆነ ተስፋ እናደርጋለን፤ ሰው ሸኝቶ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ወደ ጋቢያችን እንመለሳለን። ረዳቱ «ሁለት ሰው የቀረው ደብረ ብርሃን!» እያለ ሁለቱን ሰው ሩብ ሰዓት ያህል ጠራቸው። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ገባች፤ ረዳቱ በሩን በኃይል ዘጋና የመኪናውን ጎን ሁለቴ መታ።

«ሞላ! ሳበው!»

ከተማውን እንደወጣን መኪናው ዳር ያዘ፤ ሌሎች ሁለት ሰዎች ተሳፈሩ። «ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ ረዳቱ። ከፊቴ የተቀመጡ እናት «ሞልቷል ብለህ አልነበር እንዴ ልጄ?» አሉት። «ሞልቷል እማማ፤ ይሄ ትርፍ ነው» አላቸው።

እስከ ጫጫ ድረስ ይህን መልስ ሳሰላስለው ሄድኩ። ልጁ አልዋሸም፤ አማርኛው የሰጠውን ነው የተናገረው። የሞላ ነገር ልክ አለው፤ ከልኩ በላይ ያለው ትርፍ ይባላል። ነጋዴ ሸጦ ከዋናው በላይ የሚያገኘውን ትርፍ እንለዋለን። ገበሬ ለዘርና ለቀለብ ካስቀመጠ በኋላ የሚቀረውን ትርፍ ምርት እንለዋለን። ከወንበሩ በላይ ታጥፎ የሚቆመው መንገደኛም ትርፍ ነው። ለረዳቱ ትርፉ ሰው ሁለት ጊዜ ትርፍ መሆኑን ለማየት ብዙ ሂሳብ አያስፈልግም።

መሙላትን የሚናገሩ ቃሎቻችንን ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሰበስብ ቆየሁ። ቀድሞ የማውቃቸው ናቸው፤ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ ግን አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ከ«ሞላ» እንነሳ። ይህ ቃል ከብዙዎቹ ግሦቻችን የሚለይበት ጠባይ አለው። «ሰበረ» ስንል ሰባሪ አለ፤ «ተሰበረ» ስንል ተሰባሪ አለ። «ሞላ» ግን ሁለቱንም በአንድ ቅርፅ ይችላል። ባልዲው ሞላ፤ ልጁ ባልዲውን ሞላ። ዕቃውም እጁም በአንድ ቃል ያድራሉ። ይባስ ብሎ ለብዙ ሰው የሚሰጠው ትእዛዝና የዕቃው ሁኔታ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «ሙሉ» ናቸው። አንደኛ ደረጃ ሳለሁ የፈተና ወረቀቱ ላይ «ባዶ ቦታውን ሙሉ» የሚለውን መመሪያ ሳነብ ባዶው ቦታ እንዴት ሙሉ ይሆናል ብዬ ቆሜ ማሰቤን አስታውሳለሁ። መምህራችን «እናንተ ናችሁ የምትሞሉት» አሉን። ለሴት ልጅ ሲሆን ደግሞ «ል» ትጠፋና «ሙዪ» ይሆናል፤ «ካርድ ሙዪልኝ» እንደምንለው።

የቃሉ ሥር ግዕዝ ነው፤ መልአ። አማርኛ መጨረሻ ላይ ያለችውን የጉሮሮ ድምፅ ጥሎ «ሞላ» አደረገው፤ ቤተ ክርስቲያኑና ሸንጎው ግን አሮጌውን ጠብቀው ይዘውታል። እግዚአብሔር ምሉዕ በኩለሄ ነው፤ ስብሰባው ምልዓተ ጉባኤ ይጠይቃል፤ ሰው ካልተሟላ ሰብሳቢው መዶሻውን አያነሳም። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ዕብራይስጡን ሲማሩ ይህ ቃል እንግዳ አይሆንባቸውም፤ እዚያም የሞላ ነገር «ማሌ» ነው፤ ቅጽ ሲሞሉም የሚጠሩት ያንኑ ሥር ነው። ዐረብኛውም «መለአ» ይላል። አንድ ሥር ነው፤ ቀይ ባሕርን ወዲህና ወዲያ ተሻግሮ የሚኖር።

ስለዚህ ቃል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» መግለጡ አይቀርም። መጽሐፉ ራሱ የመሙላት ታሪክ አለው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን አፈሰሱበት፤ እርሳቸውም ሳያሳትሙት አረፉ። የጎደለውን ሞልተው ለማተሚያ ቤት ያበቁት ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው፤ የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የወጣው ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ነው። ሦስት ሊቃውንት አንዱ የሌላውን ጎዶሎ እየሞሉ ያቆዩልን መጽሐፍ ነውና፣ ሲገለጥ በአክብሮት ይገለጥ እላለሁ።

ደብረ ብርሃን ስንገባ ሂሳብ ከፈልኩ። ኪሴ ውስጥ ያለው ድፍን 200 ብር ብቻ ነበር። ረዳቱ «ዝርዝር የለህም?» አለኝ። «ድፍን ነው ያለኝ» አልኩት። ልብ በሉ፤ «ሙሉ 200 ብር ነው ያለኝ» ብለው ሌላ ነገር ነው የሚገባው። ሙሉ 200 ብር በአምሳም በአሥርም ሊሆን ይችላል፤ ብቻ ድምሩ አይጉደል። ድፍን 200 ግን አንድ ወረቀት ነው፤ ያልተመነዘረ። ነገሩ የሚጀምረው ከ«ደፈነ» ነው። የግድግዳ ሽንቁር በጭቃ ይደፈናል፤ የአይጥ ጉድጓድ ይደፈናል። ቀዳዳ የሌለው ነገር ድፍን ይሆናል። ያልተከካ ምስር ድፍን ምስር ነው። ከዳር እስከ ዳር ሰው ሳይቀር የወጣበት ነገር ሲገጥመን «ድፍን አዲስ አበባ ወጣ» እንላለን። አንጎሉ ምንም የማያስገባ ሰውም ያለ ርኅራኄ ድፍን ይባላል፤ መግቢያ የለውማ። እንግዲህ ሙሉነት ስለ ውስጥ ነው፤ ድፍንነት ስለ ገጽ ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት በአንዲት የታክሲ ሂሳብ ላይ ሳይታሰብ የሚያወጣ ሕዝብ በቋንቋው ሊኮራ ይገባል።

ገበያ ገባሁ። እናቴ ገብስ ግዛልኝ ብላኛለች።

እህል ሻጯ ከረጢቷን ከፍታ ተቀምጣለች፤ እጇ ላይ ጠርዙ የተላገ ጣሳ አለ። አሰፋፈሩ ይህን ይመስላል፦ ጣሳውን ከረጢቱ ውስጥ አጥልቃ ታወጣዋለች፤ ገብሱ ጫፉ ላይ እንደ ጎጆ ክዳን ይሾላል። ከዚያ በግራ እጇ መዳፍ ዙሪያውን ትደግፈዋለች፤ ካልደገፈችው ቁልሉ ይናዳል። ገዢ የሆነ ሰው ዓይኑን ከዚያ መዳፍ ላይ አይነቅልም። መዳፉ ወደ ውስጥ ከተቆለመመ ፍሬ ያስቀራል፤ ከተዘረጋ ፍሬ ይጨምራል። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ «ነቅነቅ አድርጊው እስቲ» አሏት። ነቀነቀችው፤ ቁልሉ ሟሸሸ፤ እንደገና ጨመረች። «አሁን ሞላ» አሉ።

ስንት ጊዜ ሞላ? ከጠርዙ እኩል ሲሆን አንድ ጊዜ ሞልቷል። ሲቆለል ሌላ ጊዜ። ሲነቀነቅ ጎድሎ እንደገና። በመጨረሻም ሁሉ አልቆ ከረጢቴ ሲታሰር «ምራቂስ?» አልኳት፤ ሁለት እፍኝ ጣል አደረገችልኝ። ምራቂ የምንለው ከመረቀ የወጣ ነው፤ ሽማግሌ ሲባርክ የሚመርቀው ምርቃት ከዚያው ቤት ነው። ሻጭና ገዢ በልኩ ከተስማሙ በኋላ በላዩ የሚወድቀው እፍኝ ምርቃት ይሆናል ማለት ነው። ከትርፍ ጋር አስተያዩት፤ ሁለቱም ከልክ በላይ ናቸው፤ ትርፍን የሚወስደው ሻጩ ነው፤ ምራቂን የሚወስደው ገዢው። ሚዛንና ኪሎ ገበያውን ከያዙት ወዲህ ምራቂ እየጠፋ ነው። መርፌው ልኩ ላይ ሲቆም ክርክሩም ቡራኬውም አብሮ ይቆማል። በሚዛን አልከፋም፤ የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና ስለማይመጣጠን ስንቱ ድሃ ተበድሏል። ምራቂውን ግን እወደው ነበር።

እዚህ ጣሳ ላይ ሌላም ነገር አለ። ይህች ሴት የምትሠራው ሥራ ስሙ መስፈር ነው፤ ዕቃው መስፈሪያ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የሚለጠፈውን የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ አስታውሱ፦ «መስፈርቱን የምታሟሉ አመልካቾች...»። መስፈርት ከሰፈረ ነው፤ ማሟላት ከሞላ ነው። ዲግሪውንና የሥራ ልምዱን ፎቶ ኮፒ አድርጎ በተራ የሚቆመው ወጣት ሳያውቀው እህል በረንዳ ነው የቆመው። መስፈሪያው ቀርቦለታል፤ እንዲሞላ ይጠበቅበታል። ከልኩ አንድ ፍሬ ቢጎድልበት ይመለሳል፤ ተርፎ ቢቆለልለት ግን ምራቂ የሚለው የለም። ሠፈርም ሲሰማ ከዚሁ ቃል ጋር አንድ ነው፤ ጦር ሰፈረ፣ ሰው ሰፈረ እንላለን። የሁለቱ ሰፈረ ዝምድና የሊቃውንት ጉዳይ ይሁንና፣ እኔ ግን ሠፈሬን ሳስብ ሁልጊዜ ሰው በቁና ተሰፍሮ የተቀመጠበት ቦታ ይመስለኛል።

ቤት ስደርስ እናቴ ጀበናውን ጥዳለች። ስልኳን አቀበለችኝ፤ «ካርድ አልቆብኛል፣ ሙላልኝ።»

ስልክ ሲሞላ ምን እንደሚገባበት ማንም አይቶ አያውቅም። ድሮ በሳንቲም እየፋቅን ቁጥሩን ከ805 ጋር እንጽፍ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ቴሌብር ከመጣ ወዲህ መፋቁ እየቀረ ነው፤ ቃሉ ግን አልተለወጠም። ፋቅነውም ነካነውም እንሞላለን። ብዙ ጊዜ ለእናቴ የምትሞላላት እህቴ ናት፤ ከዱባይ። እሷ ደግሞ መቼ ትመጫለሽ ስትባል የምትመልሰው «ሲሞላልኝ» ብላ ነው። ይህችን «ልኝ» ልብ በሉ። ሲሞላልኝ የሚል ሰው ምን እንደጎደለው አይናገርም። ገንዘብ ይሁን፣ ፈቃድ ይሁን፣ ቀን ይሁን፣ ልብ ይሁን ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ጠያቂውም አይዘረዝርም፤ «ይሙላልሽ» ይላል። እናቴ ስልኩን ዘግታ ስታበቃ ሁልጊዜ ያን ነው የምትለው።

ቡናው ፈላ። ቀዳችው።

«ቀዳ» ከሁሉም የምወደው ቃል ነው። ሴት ከምንጭ ውሃ ትቀዳለች፤ ይኸ ማለት ከብዙው ወደ እንስራዋ ትወስዳለች። ያችው ሴት ቡና ትቀዳለች፤ ይኸ ደግሞ ከጀበናዋ ወደ ስኒ ትሰጣለች። መውሰዱም መስጠቱም መቅዳት ነው። ከምንጩ እስከ ስኒው ያለው መንገድ በሙሉ አንድ ግሥ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ቃሉ ከውሃው ወጣ። ጸሐፊው ከአንዱ ብራና ወደ ሌላው ይቀዳል፤ የተቀዳው ቅጂ ይባላል። ካሴት ሲመጣ ዘፈን ቀዳን። ልጅ ሆነን የሬዲዮ ምርጫ ዘፈን እስኪመጣ ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ ለመጫን ጣታችንን አዘጋጅተን እንጠብቅ ነበር፤ አቅራቢው መሃል ገብቶ ከተናገረ ቀረጻው ተበላሸ። ዛሬም «ስልኬ ላይ ቅዳልኝ» እንላለን። ቃሉን ሳየው ጥሩ እውቀት የያዘ ይመስለኛል፦ ምንጭ ተቀድቶ አያልቅም፤ መጽሐፉም ዘፈኑም ቢቀዳ ከነበረበት አይጎድልም። ውሃ የቀዳ ሰው ባዶ የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ ቃሉ ወደ መጽሐፍ ባልተሻገረ ነበር።

ስኒው ሲቀዳ እናቴ ጀበናውን ከፍ አድርጋ ቀጭን ክር ታወርዳለች፤ ሳትነካካ፣ ከአንዱ ስኒ ወደ ሌላው ክሩን ሳታቋርጥ ትሄዳለች። ስኒው እስከ አፍ ገደፉ ሲደርስ ብቻ አንገቱን ቀና ታደርገዋለች። ጢም ብሎ ይሞላል፤ አይፈስም። አርባ ዓመት የቀዳ እጅ ነው።

ግድግዳው ላይ የአባቴ ሰዓት አለ፤ በመክፈቻ የሚጠመዘዝ። አባቴ በሕይወት ሳለ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነጠላውን ሳያወልቅ በርጩማ ላይ ቆሞ ይሞላው ነበር። ሰዓት ይሞላል፤ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስናገር ኖሬ ምን እንደሚሞላበት የጠየቅኩት ዘግይቼ ነው። መክፈቻው ሲዞር ውስጥ ያለው የብረት ጥቅል ይጠብቃል። የሚገባበት ነገር የለም፤ የሚገባው የእጅ ጉልበት ነው። ጥቅሉ ሳምንቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲፈታ ያንን ጉልበት ለጥርሶቹ ያቀብላል፤ ሰዓቱ የሚሄደው በእሑዱ ክንድ ነው። ከዚያ ቃሉ ወደ ደወል ተሻገረ፤ ስልካችንን ነክተን «ሰዓት ሞልቼ ተኛሁ» እንላለን። አባቴ ካረፈ በኋላ ሰዓቱን የሚሞላው አልነበረም፤ ቆመ። በአማርኛ ሰው ሲሞት ጎደለ ይባላል። እኔ በርጩማው ላይ ወጥቼ ስሞላው እናቴ ከወጥ ቤት «ድምፁ መጣ» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም።

ማታ ዜናው ስለ ዓባይ ነበር። «ሙሌት» የምትባለው ቃል የመንገድ ሠራተኞችና የጥርስ ሐኪሞች ቃል ነበረች፤ አፈር ሲሞላና የተቦረቦረ ጥርስ ሲደፈን ብቻ የምትሰማ። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያውን ውሃ ሲይዝ ሙሌት የአገሩ ሁሉ ቃል ሆነች። አንደኛው ሙሌት፣ ሁለተኛው ሙሌት እያልን ክረምት ቆጠርንባት፤ አራተኛው መጠናቀቁ ጳጉሜ 5 ቀን 2015 ተነገረ። ግድቡ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ይህ ዓባይ በአንድ ዓመት ድንበር ተሻግሮ ከሚወስደው አማካይ ውሃ ይበልጣል። ለዚህ ነው በአንድ ክረምት ሊሞላ የማይችለው፤ ለዚህም ነው የሦስት አገር ጉዳይ የሆነው። መጋቢት 14 ቀን 2007 በካርቱም የተፈረመው የመርሆዎች መግለጫ ላይ ስለ መጀመሪያው ሙሌት የሚናገር አንቀጽ አለ። ክርክሩ ይሙላ አይሙላ ከሚለው ይልቅ ስለ አሞላሉ ነበር፤ በስንት ዓመት፣ በየትኛው ወር፣ ዝናቡ ባነሰ ዓመት ስንት ይለቀቅ። አንድ ቃል ቅርፁ ሲለወጥ እንዲህ ያለ ክብደት ሲሸከም አይቼ አላውቅም። እናቴ ዜናውን ስትሰማ ግን በልጅነቷ በሬሳ ወንዝ ሞልቶ ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ ያደሩበትን ሌሊት ነው ያነሳችው። ለእሷ የሞላ ውሃ ሰው የሚያስቀር ነው። እስኪጎድል ትጠብቃለህ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው መጣ። በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ እናቴ ጀሪካኑን አፉን ከቧንቧው ስር አድርጋ ትተኛለች። ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁት። መጀመሪያ ወፍራም፣ ባዶ ድምፅ ነው፤ ውሃው የጀሪካኑን ታች ሲመታ። ቀስ እያለ ይቀጥናል። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ከበላዩ ያለው አየር ያጥራል፤ ያጠረ አየር ደግሞ ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ ዋሽንት ነፊ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ሲከፍት እንደሚሆነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ድምፁ ሲሾል ዓይንህን ሳትገልጥ ትነሳለህ። አንድ ጊዜ እንቅልፍ ጥሎኝ ሳልነሳ ቀርቼ ሳሎኑ በሙሉ ውሃ ሆኖ የአባቴ መጻሕፍት ታችኛው መደርደሪያ ላይ የነበሩት ርሰው ነበር፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ዘንድሮ ተነሳሁ። ስደርስ እናቴ ቀድማኝ ቆማለች፤ በባዶ እግሯ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እጇን ቧንቧው ላይ አድርጋ።

«ትንሽ ቀረው» አለችኝ። ሁለታችንም ዝም ብለን አዳመጥን።

ጠዋት ሻንጣዬን ልዘጋ ስል መጣች። በሶ፣ ቆሎ፣ በላስቲክ የታሰረ ቂቤ። ሻንጣው ይዤ በመጣሁት ልብስ ሞልቶ ነበር። ልብሱን አውጥታ እንደገና ከተተችው። ከተተ ትልቅ ቃል ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ሕዝቡን ወደ ወረኢሉ የጠሩበት አዋጅ ክተት ይባላል፤ ትእዛዙ ሸሚዝ ሻንጣ ውስጥ ከሚያስገባው ግሥ ጋር አንድ ነው። እናቴ ታጥፋለች፣ ትጠቀጥቃለች፣ በጉልበቷ ትጫነዋለች። ቆሎውን በካልሲዎቹ ውስጥ ወተፈችው። ዚፑ ግማሽ መንገድ ሄዶ እምቢ አለ።

«ሞልቷል እማዬ» አልኳት።

«አልሞላም» አለችና ጎኑን በመዳፏ ደገፍ አድርጋ፣ እንደ እህል ሻጯ፣ ሻንጣውን አንዴ ነቀነቀችው። ከዚያ እጇን ወደ በሶው ሰደደች።